የዝንብ ማሰሪያ ክርና የአውራ ዶሮ ላባ፦ ከሱሉልታ ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ሰው ሠራሽ ዝንብ ማሰር ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ክሩ ከመርካቶ የገዛሁት የስፌት መኪና ክር ነው፤ ላባው ከቤታችን ዶሮ ነው። የዝንቧ ጭንቅላት እንደ ሽምብራ እየተለቀ ያስቸግረኛል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወረወረች በኋላ ደግሞ ላባው ይፈታል። በክረምት ያጠራቀምኩት ላባ ግማሹ ሸተተ፣ ግማሹን ብል በላው። የቱን ክር ልግዛ? ላባውንስ እንዴት ልያዘው? ለፋሲካ ማግስት ወደ ባሌ፣ ትራውት ለሚባለው ዓሣ፣ ልሄድ አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ ጭንቅላቷ የሚተልቅብሽም ላባው የሚፈታብሽም በዋናነት በአንድ ምክንያት ነው፤ ክርሽ ወፍራም ነው። ወፍራም ክር ጠንካራ ስለሚመስል ጀማሪ ሁሉ የሚያነሳው እሱን ነው። ነገር ግን በ14 ቁጥር መንጠቆ ላይ ከዓይኑ ኋላ ላባውን የምታስሪበት ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ያንቺ ክር በአንድ ረድፍ ሰባት ስምንት ዙር ከሄደ ቦታው አለቀ፤ ቀጭኑ ክር ከዚያ እጥፍ በላይ ይዞርበታል። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለእኛ ሥራ ቃል በቃል ይሠራል። ላባን ቆንጥጦ የሚያስቀረው የዙሩ ብዛትና የእጅሽ ውጥረት ነው።

እኔ ሽሮ ሜዳ ያደግሁ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ክርን ያወቅሁት አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ እንዝርቷን ስታሾር እያየሁ ነው። ዝንብ ማሰር የተማርኩት በኋላ፣ ባሌ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምዱ እንግዶችን እየመራሁ ስሠራ ነበር። አሁን ሰንዳፋ ተቀምጬ ወደዚያው ለሚሄዱ ሰዎች አስራለሁ። ስለዚህ ክሩ ላይ ብረዝም ታገሺኝ፤ ጥያቄሽ ግማሽ ዕድሜዬን የነካ ነው።

መርካቶ የሚሸጠው የስፌት መኪና ክር ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ ላይ 40/2 የሚል ቁጥር አለው። 40 የአንዱን ፈትል ቅጥነት ይነግርሻል፤ 2 ደግሞ ስንት ፈትል አብሮ እንደተከረረ። ዝንብ አሳሪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ግን ዴኒየር ይባላል፤ 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ለመሻገር 5315ን ለፈትሉ ቁጥር አካፍዪ። 5315 ለ40 ሲካፈል 133 ገደማ ይሆናል፤ ፈትሉ ሁለት ስለሆነ 266። ለትራውት ዝንብ የሚበቃው ክር 70 ዴኒየር ነው። ያንቺው አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ባለ 60/2 ክር ብታገኚ እንኳ 177 ዴኒየር አካባቢ ነው፤ የተሻለ ነው እንጂ አሁንም ወፍራም ነው።

ውፍረቱ ብቻ አይደለም። የስፌት ክር ከአጫጭር ጭረቶች የሚፈተል በመሆኑ ላዩ ጸጉራም ነው። ወደ መስኮት አውጥተሽ በብርሃን እዪው፤ እንደ ማግ ዙሪያውን ብናኝ ታያለሽ። ጨርቅ ሲሰፋ ያ ጸጉር ጥሩ ነው፣ ይይዛል። ዝንብ ላይ ግን ውሃ ይጠጣል፣ የላባውን ፀጉር ከሥሩ እየገፋ ያጣምማል፣ ጭንቅላቷንም ያደልባል። የዝንብ ማሰሪያ ክር የሚሠራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ ከሚሄዱ ረጃጅም ጭረቶች ነው። ስለዚህ ለስላሳ ነው፤ ሲፈለግም ጠፍጣፋ ይሆናል።

በውጭ አገር ጥቅሎች ላይ 6/0፣ 8/0 የሚል ጽሑፍ ካየሽ አትጨነቂበት። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል ማለት ነው፤ ነገር ግን የአንዱ አምራች 8/0 ከሌላው 8/0 ጋር እኩል አይደለም። ዴኒየሩ ከተጻፈ እሱን እመኚ። ከ12 እስከ 16 ቁጥር መንጠቆ 70 ዴኒየር፤ ከ4 እስከ 8 ቁጥር ላሉት ትልልቅ መንጠቆዎች 140። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ታውቂያለሽ። አንድ ጥቅል ዘጠና ሜትር ገደማ ይይዛል፤ አንዲት ዝንብ ከአንድ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሁለት ጥቅል ብቻ አስመጪ፤ ጥቁርና ቡናማ። ስለ ክሩ ቀለም ሌላ የምለው የለኝም፤ ዓሣው የላባውን ቅርፅ ነው አስቀድሞ የሚያየው።

ከውጭ የሚያመጣልሽ ከሌለስ? ሽሮ ሜዳ ሂጂ። የሀበሻ ቀሚስ በኮምፒውተር ጥልፍ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙበትን የሚያብረቀርቅ የፖሊስተር ጥልፍ ክር ጠይቂ፤ ብዙውን ጊዜ 120D/2 የሚል አለው። እያንዳንዱ 120 ዴኒየር የሆነ ሁለት ፈትል ማለት ነው። አንድ ሜትር ያህል ቆርጠሽ ጫፉን በወረንጦ ያዢና ከተከረረበት አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው አሹሪው፤ ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ፈትል ለብቻው ጠንጥነሽ እሰሪበት። 120 ዴኒየር፣ ለስላሳ፣ ጠፍጣፋ። ለ8፣ ለ10 እና ለ12 ቁጥር መንጠቆ ያለ ችግር ይሠራል፤ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ያሰርኩት በእሱ ነው። ፈትሉን መክፈል አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ ሃያ ሜትር ብትከፍዪ ግን ለሃያ ዝንብ በቃሽ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ከጥልፍ ክሩ ጎን ልክ እሱን የሚመስል፣ እንዲያውም ይበልጥ የሚያምር ሌላ ክር ይሸጣል። አንዳንዱ ነጋዴ «ሐር ነው» ይላል። አብዛኛው ሬዮን ነው፤ ከእንጨት ጭረት የሚሠራ። ሬዮን ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ከጥንካሬው ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ዲንሾ፣ ዳንካ ወንዝ ዳር ነው። ሐር ብዬ በገዛሁት ክር አሥራ ሁለት ዝንብ አስሬ፣ ለአንድ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ሦስቷ ነበረች የቀረችው፤ የቀሩት ላባቸውን ወንዙ ውስጥ ጥለው ባዶ መንጠቆ ሆኑ። ሰውየው ምንም አላለኝም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከዚያ ወዲህ ክር ሳልፈትን አልገዛም። ክብሪት ይበቃል። ከክሩ ጣት የሚያህል ቁረጪና ጫፉን አንድዪው። እንደ ወረቀት ከነደደ፣ ወረቀት ወረቀት ከሸተተና ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ቀልጦ ተጠቅልሎ ጠንካራ ዶቃ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተ እውነተኛ ሐር ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ካገኘሽ ዋጋውን አትከራከሪ። ጥጥ ሲረጥብ አይደክምም፣ እንዲያውም ይበረታል፤ ግን እርጥበት ውስጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ለእኛ ሥራ የሚሆን ቅጥነት ያለው ጥጥ ደግሞ ገበያ ላይ አላየሁም። የእናቴ ፈትል እንኳ ቀጭን የተባለው ለነጠላ እንጂ ለዝንብ አይሆንም ነበር።

በናይለንና በፖሊስተር መካከል ምረጪ ካልሽኝ፣ ለጀማሪ ናይለን። ይለጠጣል፤ ከተለጠጠ በኋላ ደግሞ ሊመለስ ስለሚፈልግ ላባውን ጨብጦ ይይዛል። ፖሊስተር ያን ያህል አይለጠጥም፣ ውሃም አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ እጅሽ ውጥረትን ሲለምድ እሱ ይጣፍጥሻል። ለጥልቅ ባሕር ማጥመጃ ገመድ ከሚሠራበት ነገር የተሠራ እጅግ ጠንካራ ክርም አለ። እሱ ያንሸራትታል፣ ሰም አይቀበልም፣ የመቀስሽን ስለት ይበላል። ለአሁኑ ተዪው።

ወደ መክረር እንምጣ። «ክር» የሚለውን ቃልና «ከረረ» የሚለውን ግሥ አብረሽ ስታስቢያቸው ግማሹ ሥራ ይገባሻል። ክር ሲከር ክብና ጠባብ ይሆናል፤ ሲላላ ይጠፈጥፋል። በቀኝ እጅሽ ከአንቺ ወደ ውጭ ስትጠመጥሚ በእያንዳንዱ ዙር ክሩ አንድ ጊዜ ይከራል፤ ሳታውቂው ሃያ ዙር ስትደርሺ ክሩ እንደ ሲባጎ ሆኗል። ያኔ ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ይከመራሉ፣ ጭንቅላቷ ያብጣል። ስለዚህ በየአሥር ዙሩ ቦቢኑን፣ የክሩን መያዣ፣ ልቀቂውና እንዲንጠለጠል አድርጊ፤ ከላይ ሆነሽ ስታዪው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አሹሪው። ክሩ ተከፍቶ እንደ ጥብጣብ ሲተኛ ታያለሽ። የላባ ዘንግ የምታስሪበት መደላድል ምንጊዜም በዚህ በተጠፈጠፈ ክር ይሁን፤ ዘንጉ አይንከባለልም። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስታስሪ ግን ትንሽ አክርሪው፤ ጠባብ ሆኖ ጠልቆ ይነክሳል።

ውጥረትን በቃል ማስተማር ከባድ ነው፤ በጠርሙስ ግን ይቻላል። ባለ 70 ዴኒየር ናይለን የሚበጠሰው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ሲጫንበት ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዘውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ በክሩ አንጠልጥዪው። ከዚያ ውሃውን እያጎደልሽ፣ ሩብ እስኪቀር ድረስ፣ በየጊዜው በጣትሽ አንሺው፤ እጅሽ ክብደቱን ይልመድ። ስታስሪ መጎተት ያለብሽ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ያለውን ኃይል ያህል ነው። ሌላው መንገድ፣ ባዶ መንጠቆ ሞርሳው ላይ አስረሽ አሥር ጊዜ ክሩን ሆን ብለሽ በጥሺው። ጨክኚ፤ ክሩ ሳንቲም ነው። አሥረኛው ላይ ጣትሽ ድንበሩን ያውቀዋል። እስካሁን ላባው የተፈታብሽ በወፍራሙ ክር ምክንያት እጅሽ የት ድረስ መጎተት እንደሚችል ስላልተማረ ነው።

ሰም ከፈለግሽ ከጠጅ ጣይ ቤት ሰፈፍ ለምኚ፤ አቅልጠሽ በነጠላ ቁራጭ አጥልዪው። የጧፍ ሰምም ይሆናል ይላሉ፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጧፍ ፓራፊን ስለሚበዛበት ግን እኔ አልወደውም፣ ይፈረፈራል። ክሩን በሰሙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፊው። አቧራ እስኪጠራቀምበት ድረስ አትለብጪው።

አሁን ወደ ላባው። ሽታው የጀመረው ጓዳሽ ውስጥ አይደለም፤ ዶሮው የታረደ ዕለት ነው የጀመረው። እኛ ዘንድ ዶሮ ይታረዳል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ ላባው ይነጫል፣ እርጥቡ ላባ ከደምና ከስብ ጋር በፌስታል ይከመራል። ከዚያ ክምር የተለቀመ ላባ መሽተቱ አይቀርም። የፈላው ውሃ ደግሞ የላባውን ወዝ ያነሳዋል፤ የሚያብረቀርቀው የአንገት ላባ ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር ተስማሚ፤ ዶሮው እንደታረደ፣ ውሃው ሳይፈስ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡሽ። የአንገቱን ላባ በደረቁ፣ ጥቂት ጥቂት እየያዝሽ፣ በበቀለበት አቅጣጫ ንጪው። ከዚያ ከወገቡ ወደ ጅራቱ የሚንጠለጠለውን ረጅሙን። ደም የነካውን ለይተሽ ጣዪ፤ ለአንድ ላባ ብለሽ መቶውን አታበላሺ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከታመመ ወይም በፈንግል ከሞተ ዶሮ አንድም ላባ እንዳትወስጂ፤ በሽታው በላባውም በእጅሽም ወደ ሌሎቹ ዶሮዎች ይሄዳል። በሕይወት ካለ ዶሮም አትንጪ። ራሱ ያረገፈውን መልቀም ይቻላል።

የትኛው ዶሮ? ዓመት የሞላው አውራ። የቄብና የእናት ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ውስጥ ለምትሰጥም ዝንብ ግሩም ነው፣ ላይ ለምትንሳፈፍ ግን አይሆንም። በአውራውም ቢሆን አንዱን ላባ አንሥተሽ እዪው፤ ከሥሩ ጥጥ የመሰለ፣ ከመሃል ላይ ድብዝዝ ያለ ለስላሳ ክፍል፣ ከጫፉና ከዳሩ የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ፀጉር አለው። ድብዝዙ ክፍል ውሃ ይስባል፤ የሚያብረቀርቀው ያንሳፍፋል። የአገራችን ዶሮ ላባ አጭርና ድብዝዙ የበዛበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ እየተመረጡ የሚራቡ ዶሮዎች አሉ፤ የወገብ ላባቸው ቀጭንና እጅግ ረጅም ስለሆነ ከአንዱ ላባ ብቻ በርከት ያለ ዝንብ ይወጣል። ከእነሱ ጋር አትወዳደሪ። የእኛውን ለሰጣሚ ዝንብና ለትልልቅ መንጠቆ አውዪው፤ እዚያ ላይ ከማንም አያንስም።

ስለ ቀለም ግን ሀብታሞች ነን። ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙት ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ላባ እኛ ገብስማ የምንለው ነው፤ ለበዓል ገበያ ስትወጪ በየጎኑ ታስሮ ታገኚዋለሽ። አዳምስ የምትባለው ዝንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሌን ሃላዴይ ሚቺጋን ውስጥ የሠራት፣ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ትራውት የሚያዝባት፣ ቀይ ቡናማና ገብስማ ላባ አብረው የሚጠመጠሙባት ናት። ቀይና ገብስማ! ሱሉልታ ገበያ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጮኻሉ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ሻምፑ፣ በእጅ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ፤ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሚ፤ ላባ የተሠራው ጥፍርሽና ጸጉርሽ ከተሠሩበት ነገር ነው፣ ኃይለኛው ሳሙና ያደርቀዋል፣ ያሰባብረዋል። በረኪናማ ጨርሶ ያሟሟዋል። (አንዳንድ አሳሪዎች ይህን ሆን ብለው ያደርጉታል፤ የላባውን ፀጉር በበረኪና አሟሙተው ዘንጉን ብቻ ለዝንቧ ገላ ይጠቀሙበታል። አንቺ ገና ነሽ።) ከታጠበ በኋላ ሰፌድ ላይ ጨርቅ አንጥፈሽ ጥላ ውስጥ በትኚው። ፀሐይ ቀለሙን ያነሳል። ፎን ካለሽ በዝቅተኛ ሙቀት ከሥር ወደ ጫፍ ንፊበት፤ ላባው ዓይንሽ እያየ ያብባል። ዘንጉ ሥሩ ድረስ ሳይደርቅ እንዳታሽጊው፤ ያ ሽታ የመጣው ከዚያ ነው።

ብሉ ጋቢና ሱፍ የሚበላው ብል ራሱ ነው። የሚበላው እጩ ነው፤ እንቁላሉን ደግሞ ዓይንሽ አያየውም። ካንፎር ጠረኑ ዝንቧ ላይ ይቀራል፣ ለጤናም አይመችም። የጥድ ፍቅፋቂ ይሸታል፣ ብሉን ያርቀው ይሆናል፣ እንቁላሉን ግን አይገድለውም። የሚገድለው ብርድ ነው። የደረቀውን ላባ በፌስታል አድርገሽ አየሩን አስወጥተሽ አሽጊና ሥጋ በረዶ በሚሆንበት ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አቆዪው። መብራት ሄዶ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ከአንድ ቁጠሪ። ስታወጪው ወዲያው አትክፈቺው፤ ታሽጎ አንድ ቀን ይደር፣ ያለዚያ የቤቱ እርጥበት ላባው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና መልሶ ይሻግታል። ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከማንም የመጣ አዲስ ላባ በዚህ በር ሳያልፍ ከቀድሞው ጋር እንዳይቀላቀል። እኔ አንድ ክረምት አንዲት ቆንጆ ገብስማ አንገት በስጦታ ተሰጥቶኝ በቀጥታ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኳት። ለመስቀል ስከፍተው የአራት ዓመት ጥርቅሜ ዱቄት ሆኖ ነበር።

ላባው በፌስታል ተጣጥፎ ከተጨማደደ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ እንፋሎቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዢው፤ ራሱ ይቃናል። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ እኛ ያለንበት ደጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዘንጉ ሲጠመጠም ይሰነጠቃል። ከማሰርሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ንከሪው።

አሁን ማሰሩን። ከላባው ሥር ያለውን ጥጥ የመሰለ ክፍል ሁሉ ገፈሽ አውጪ። (አትጣዪው፤ ሰጣሚ ዝንብ ጅራት ላይ እንደ ማራቡ ይሠራል። ማራቡ እያሉ የሚሸጡት ላባ ዛሬ የተርኪ ዶሮ ነው፤ ስሙ ግን ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ቆሞ ከምናየው ከአባ ኮዳ የመጣ ነው።) ባዶውን ዘንግ በተጠፈጠፈው ክር ላይ አስተኝተሽ ስድስት ዙር እሰሪው፤ ትርፉን ወዲያው አትቁረጪ፣ ወደ ኋላ እጠፊውና ሌላ አራት ዙር እለፊበት። የታጠፈ ዘንግ አይወልቅም። ካንቺ ዝንብ ላባው ያመለጠው ከክሩ ሌላ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ስለተኛ፣ የስቡም ወዝ ስላልታጠበ ተንሸራቶም ነው። መጠምጠሙን ከመጀመርሽ በፊት ከክሩ እስከ መጀመሪያው ፀጉር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ዘንግ ይታይ፤ ያኔ የመጀመሪያው ዙር ፀጉሩን አያጣምምም። አምስት ስድስት ዙር ጠምጥሚ። የፀጉሩ ርዝመት የመንጠቆው አፍ ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሁን። ጫፉን በሦስት ጥብቅ ዙር እሰሪ፣ ቋጠሮሽን ቋጥሪ፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ጭንቅላቷ ላይ አኑሪ። የመንጠቆውን ዓይን እንዳትደፍኚው።

ትራውት ጥርስ አለው፤ አዋሽ ላይ እንደምናገኘው ቢልጫ መንጋጋው ባዶ አይደለም። ስለዚህ ገላዋ ላይ ላባ የሚጠመጠምባት ዝንብ ከሆነች ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከላባው በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፊባት፤ ጥርሱ ዘንጉን ቢቆርጠው እንኳ ሽቦው ይዞ ያስቀረዋል። ሽቦውን ከሞተር ጠምጣሚ ቤት ለምኚ፤ ከተቃጠለ ትንሽ ሞተር የሚወጣው ጸጉር የሚያህለው ነው የሚሆነው። ፍራንክ ሶየር የሚባል በእንግሊዝ የኤቮን ወንዝ ጠባቂ ፌዛንት ከሚባል ወፍ የጅራት ላባ የምትሠራውን ዝነኛዋን የፌዛንት ጅራት ዝንብ ያለ አንዳች ክር፣ በዚህ ዓይነት ሽቦ ብቻ ነበር የሚያስራት፤ ሽቦው ያስራል፣ ያሰምጣል፣ ያብረቀርቃል። ክር ካጣሽ እሱም መንገድ ነው።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር። ውብ ላባ ያለው የዱር ወፍ እንጦጦም ሱሉልታም ሞልቷል፤ ጅግራና ቆቅ አጥምደው ሊሸጡልሽ የሚመጡ ልጆችም አይጠፉም። አትግዢ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ አገር ትሪንግ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች ተሰርቀዋል፤ የተሰረቁትም ለዝንብ አሳሪዎች ላባ ሆነው እንዲሸጡ ነበር። ብዙዎቹ ለሳይንስ የማይተኩ ነበሩ። የእኛን ሥራ የሚወድ ሰው እዚያ ሊደርስ እንደሚችል ሳውቅ አፍሬያለሁ። ዓሣው በገብስማ ዶሮ ላባ ይያዛል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ጉዞሽ፦ ከመነሳትሽ በፊት ዲንሾ የሚገኘውን የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስለ ማጥመጃ ፈቃድ ጠይቂ። ላባውን በተመለከተ ግን የፋሲካው ዶሮ ለዚህ ጉዞ አይደርስልሽም፤ ሁለት ሳምንት ብርድ ውስጥ መቆየት አለበት። የሚደርስልሽ የቅበላው ነው። ለቅበላ የሚታረደውን አውራ አስቀድመሽ ምረጪ፤ ቢቻል አንድ ቀይና አንድ ገብስማ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሪ። ላባውን አጥበሽ አድርቀሽ ፍሪዘር ውስጥ ከተሽ፣ እሱ እስኪወጣ ድረስ የጥልፍ ክርሽን ክፈዪ፣ ጠርሙስሽን አንጠልጥዪ፣ እጅሽን በባዶ መንጠቆ ላይ አሠልጥኚ። ሁዳዴው 55 ቀን ነው፤ በየምሽቱ ሁለት ብታስሪ እንኳ ከበቂ በላይ ዝንብ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የመጀመሪያዎቹን አሥር አትውሰጂያቸው፤ የታጠበ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልተሽ አሳድሪያቸውና ጠዋት በወረንጦ ላባቸውን ጎትቺ። የወለቀውን ፈትተሽ የት ላይ እንደላላ ተመልከቺ። የፋሲካውን ላባ ደግሞ ስትመለሺ ከፍሪዘር አውጥተሽ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በክዳን በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለየቀለሙ ለይተሽ አስቀምጪው።